የፊደሉ አካልና የፊደሉ ቅጥል፦ ገና ስለሚመጣው የኮሮና ክትባት

በገላንም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ ቤተ ሰብ ለቡና ተሰብስቦ የኮሮና ዘመን ወሬ በተነሣ ጊዜ አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። ይኸውም «ከተከተብን በኋላ ለምን ታመምን? ታዲያ የመከተባችን ጥቅም ምኑ ላይ ነበር?» የሚል ነው። ጥያቄው የቤቱን ጤና ከሚያስብ አባት፣ ልጆቿንም ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ከምትመላለስ እናት የሚጠበቅ ቀና ጥያቄ ነው። ነገር ግን መልስ ሳያገኝ የቈየ ጥያቄ ወደ ጥርጣሬ ይለወጣል፤ ጥርጣሬውም ከኮሮና ክትባት ዐልፎ ለሕፃናት ወደሚሰጠው ወደ ኩፍኝና ወደ ፖሊዮ ክትባት የተሻገረ እንደ ሆነ፣ ጕዳቱን የሚቀበሉት ራሳቸውን ሊከላከሉ የማይችሉት ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፣ ሰውነታችን የኮሮናን ቫይረስ የሚያውቀው በምን ምልክት እንደ ሆነ፣ ቫይረሱስ ከዚያ ዕውቀት እንዴት እንዳመለጠ፣ ሊቃውንትም ወደ ፊት የሚሠራውን ክትባት በየትኛው ምልክት ላይ ሊያቆሙት እንደሚደክሙ፣ በተቻለን መጠን በግልጽ ቋንቋ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።

ሰውነት ጠላቱን በምን ያውቀዋል?

ኮሮና የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ዘውድ ማለት ነው። ቫይረሱ ይህን ስም ያገኘው፣ በረቂቅ ማጕያ መሣሪያ ሲታይ ዙሪያውን የከበቡት ጕጦች የዘውድ ጌጥ ስለሚመስሉ ነው። እነዚህ ጕጦች ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው፤ ሊቃውንትም «እሾህ» ይሏቸዋል። ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባው በዚሁ በእሾሁ ነው። የእሾሁ ጫፍ በሕዋሳችን ገጽ ላይ የሚገኘውን ኤሲኢ2 የሚባለውን ፕሮቲን ይጨብጣል፤ ከጨበጠም በኋላ የእሾሁ ግንድ እንደ ተወጠረ ወጥመድ ተፈንጥሮ የቫይረሱን ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋራ ያዋሕደዋል፤ በዚያም ቀዳዳ ቫይረሱ የተሸከመው የዘር መልእክት ወደ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ጫፉ እንደ ቍልፍ፣ ግንዱም በሩን ገፍቶ እንደሚከፍት ክንድ ነው ማለት ይቻላል።

ሰውነታችን ይህን ጠላት ባገኘው ጊዜ መላ አካሉን በአንድ ጊዜ አያጠናም፤ ከአካሉ ጥቂት ጥቂት ቦታዎችን መርጦ እንደ ምልክት ይይዛቸዋል። የሕክምና ሊቃውንት እነዚህን ቦታዎች ዒላማ ይሏቸዋል፤ የሰውነት መከላከያ ኀይል የሚያነጣጥርባቸው ስለ ሆኑ ነው። ዒላማውን የሚጠብቁትም ሁለት ዐይነት ዘበኞች ናቸው።

የመጀመሪያው ዘበኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው። ይህ በደማችንና በአፍንጫችን እርጥበት ውስጥ የሚዘዋወር፣ ሁለት ክንድ ያለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ቫይረሱ ገና ከደጅ ሳለ እሾሁን ይዞ ቍልፉን ከንቱ ያደርግበታል። ስለዚህ የበር ዘበኛ ብለን ብንጠራው አንሳሳትም። ሁለተኛው ቲ ሴል የሚባለው ሕዋስ ነው። ይህኛው ቫይረሱ ከገባ በኋላ የሚሠራ የውስጥ ዘበኛ ነው። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ የቫይረሱን ቍርጥራጭ ፕሮቲን አውጥቶ በገጹ ላይ ያሳያል፤ ቲ ሴልም ያንን ቍራጭ አይቶ የታመመውን ሕዋስ ያጠፋዋል፤ ሕመሙም ሳይበረታ ይቀራል። የበር ዘበኛው በአብዛኛው የሚያየው የእሾሁን ውጫዊ ቅርጽ ሲሆን፣ የውስጥ ዘበኛው ግን በእሾሁም ሆነ በቫይረሱ ሆድ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች የተገኘውን ቍራጭ ሁሉ ማየት ይችላል። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

የግመል በሽታ ያስተማረው ትምህርት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ነበር። በዚያው ዓመት ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ መታዘዙን የማያስታውስ ቤተ ሰብ የለም። ዓመቱ ሳይሞላ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ. ም.፣ በሕንድ አገር የተመረተው 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኒካ ክትባት ቦሌ ደረሰ፤ መጋቢት 4 ቀንም በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባቱ ተጀመረ። ብዙ ሰው «አንድ ክትባት በዐሥር ዓመት የሚሠራ ሲሆን ይህኛው እንዴት በአንድ ዓመት ደረሰ?» ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። መልሱ ግን ሥራው የተጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ስለ ነበረ ነው።

በ1995 ዓ. ም. ሳርስ የሚባለው የኮሮና ቫይረስ ከቻይና ተነሥቶ 8,000 ያህል ሰዎችን አሳመመ፤ ከእነርሱም 774 ሞቱ። በ2004 ዓ. ም. ደግሞ በሳዑዲ ዐረቢያ መርስ የሚባል ሌላ የኮሮና ቫይረስ ተገኘ። ይህኛው ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ እስካሁን ከ2,600 የሚበልጡ ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል፤ ከመቶው 36 ያህሉ ሞተዋል። ሊቃውንትም በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት የኮሮናን እሾህ ሲመረምሩ፣ ዋናው ዒላማ እርሱ መሆኑን ተረዱ።

ነገር ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። እሾሁን ከቫይረሱ ለይተው ለብቻው ሲሠሩት፣ ወጥመዱ ያለ ጊዜው እየተፈነጠረ ቅርጹ ይለወጥባቸው ነበር። በተለወጠ ቅርጽ የተማረ ሰውነት ደግሞ እውነተኛውን እሾህ በደንብ አያውቀውም። በአሜሪካ አገር እነ ባርኒ ግሬም፣ እነ ጄሰን ማክሌላንና ባልደረቦቻቸው በመርስ እሾህ ላይ ሠርተው በ2009 ዓ. ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በእሾሁ ግንድ ላይ ፕሮሊን የሚባሉ ሁለት ጠንካራ ቅንጣቶች እንደ ችንካር ቢገቡበት፣ ወጥመዱ ሳይፈነጠር ተወጥሮ እንደሚቈይ አሳዩ። በእንግሊዝ አገርም የኦክስፎርድ ሊቃውንት የመርስን እሾህ መልእክት በማይጐዳ የጉንፋን ቫይረስ ላይ ጭነው፣ በ2010 ዓ. ም. በሰው ላይ መሞከር ጀምረው ነበር። በ2012 ዓ. ም. ጥር ወር የአዲሱ ቫይረስ የዘር መልእክት ለዓለም በተገለጠ ጊዜ፣ የመርሱን እሾህ አውጥቶ የአዲሱን እሾህ መተካት ብቻ ቀርቶ ነበር ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

በየጤና ጣቢያችን ለሕዝብ የተሰጡት ክትባቶች በዚህ በዒላማ አመራረጥ የተለያዩ ነበሩ። አስትራዜኒካ እሾሁን በተፈጥሮ መልኩ ያለ ችንካር የሚያሳይ ነው። ጆንሰን እና ፋይዘር የተባሉት እሾሁን በሁለቱ ችንካሮች አጽንተው ያሳያሉ። ከቻይና የመጣው ሲኖፋርም ደግሞ የሞተውን ቫይረስ እንዳለ ሙሉውን ያሳያል። ስለዚህ ሲኖፋርም የተከተበ ሰው ከእሾሁ ሌላ በቫይረሱ ሆድ ያለውን ኤን የተባለውን ፕሮቲን ጭምር አይቷል፤ አስትራዜኒካ የተከተበው ግን ያየው እሾሁን ብቻ ነው። ሐኪሞችም በዚህ ልዩነት ይጠቀማሉ፤ የእሾህ ክትባት ብቻ በወሰደ ሰው ደም ውስጥ በኤን ላይ የተነሣ ፀረ እንግዳ አካል ቢያገኙ፣ ያ ሰው ሳያውቀውም ቢሆን በቫይረሱ ተይዞ እንደ ነበረ ያውቃሉ።

«በ» ብቻ የተማረ ሕፃን

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከተከተብን በኋላ ለምን ታመምን? ይህን ለማስረዳት ከፊደል ገበታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

የኔታ ሕፃኑን «በ» የምትባለውን ፊደል ብቻ አስተምረው ቢያሰናብቱት፣ ሕፃኑ «በ»ን ባየ ጊዜ ያለ ስሕተት ይጠራታል። ነገር ግን በጐኗ ቅጥል ተጨምሮላት «ቡ» ስትሆን፣ አንድ እግሯ ረዝሞ «ባ» ስትሆን፣ በእግሯ ቀለበት ዞሮላት «ቤ» ስትሆን ግራ ይገባዋል፤ ምናልባትም ሌላ ፊደል ናት ይላል። ሰባቱን ሁሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ጐን ለጐን ያየ ሕፃን ግን፣ ቅጥሉ ቢለዋወጥም አካሉ አንድ መሆኑን ያስተውላል፤ ከዚያ ወዲያ በማንኛውም ቅጥል ብትመጣ አትጠፋውም።

የኮሮና ቫይረስ የዘር መልእክት ወደ 30,000 በሚጠጉ ፊደላት የተጻፈ ነው። ቫይረሱ በተባዛ ቍጥር ጥቂት የአጻጻፍ ስሕተት ይገባበታል። ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ ቫይረሱን ይጐዱታል ወይም ምንም አይለውጡም፤ አንዳንዱ ግን የእሾሁን ጫፍ መልክ ለውጦ ከበር ዘበኛው ዐይን ይሰውረዋል። በኅዳር ወር 2014 ዓ. ም. የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሊቃውንት ለዓለም ያሳወቁት ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ በእሾሁ ላይ ከ30 የሚበልጡ ለውጦች ነበሩበት፤ ከእነዚህም 15 ያህሉ ቍልፍ ባልነው በጫፉ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ቅርጽ ተምሮ የነበረው ፀረ እንግዳ አካል አብዛኛው ይህን አዲስ መልክ ሊይዘው አልቻለም። የተከተበውም ሰው ዳግመኛ የታመመው በዚህ ምክንያት ነው፤ «በ»ን ተምሮ «ቤ» መጣችበት።

ይሁን እንጂ የውስጥ ዘበኛው አልተታለለም። ቲ ሴል የሚያያቸው ቍራጮች ብዙዎችና በመላው የቫይረሱ አካል የተበተኑ በመሆናቸው፣ በኦሚክሮን ጊዜም አብዛኞቹ እንዳሉ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ የተከተቡ ሰዎች ቢታመሙም፣ ሕመሙ እስከ ኦክስጅንና እስከ ሞት የማድረስ ኀይሉ እጅግ ተቀንሶላቸዋል። እንግዲህ «የመከተባችን ጥቅም ምን ነበር?» ለሚለው የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፤ ሌባው በሩን ዐልፎ ገባ፤ ቤቱን ግን ሊዘርፍ አልቻለም።

ደስታና ኩፍኝ ለምን አላመለጡም?

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ «የኩፍኝ ክትባት ስንት ዐሥርት ዓመት ሲያገለግል ለምን አልተለወጠም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ወደ ነገሩ ልብ ያደርሰናል።

ከ1880 ዓ. ም. ጀምሮ በአገራችን የደረሰውን ክፉ ቀን አያቶቻችን ነግረውናል። የዚያ መከራ ዋና ምክንያት ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር፤ የሚያርሱበት በሬ ዐልቆ ሕዝቡ በራብ ረገፈ። ይህ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። አንድ ዐይነት ክትባት በየአገሩ እየተሰጠ፣ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ. ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተመሰከረ፤ በ2003 ዓ. ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከገላን በቅርብ ርቀት በቢሾፍቱ የሚገኘው፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የቈየው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ለዚህ ሥራ ክትባት በማምረት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ኩፍኝም የዚሁ የደስታ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። የሁለቱም ቫይረሶች ዋና ዒላማ ለቫይረሱ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ከመሆኑ የተነሣ፣ ቢለውጠው ራሱ ቫይረሱ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተማረ ሰውነት ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል፤ ክትባቱም አላረጀም።

ከዚህ አንድ ደንብ እናገኛለን። ጥሩ ዒላማ ማለት ሰውነት በቀላሉ የሚያየው ብቻ አይደለም፤ ቫይረሱ ሊለውጠው የማይደፍረው መሆን አለበት። የኮሮና ችግር ሰውነታችን በቀላሉ የሚያየው የእሾሁ ጫፍ ቶሎ የሚለወጥ፣ የማይለወጠው የእሾሁ ግንድ ደግሞ የተሸሸገ መሆኑ ነው። የሚመጡትን ክትባቶች የሚሠሩ ሊቃውንት ድካማቸው ሁሉ ይህን ችግር ለመፍታት ነው።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሰባቱን ፊደል በአንድነት ማሳየት ነው። በካሊፎርኒያ በካልቴክ የትምህርት ተቋም በፓሜላ ብዮርክማን የሚመራው ቤተ ሙከራ፣ 60 ቦታ ባላት እጅግ ጥቃቅን ኳስ ላይ የስምንት ልዩ ልዩ የኮሮና ቫይረሶችን የእሾህ ጫፍ ቀላቅሎ ተከለ። ጥበቡ እንዲህ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካልን የሚያመነጨው ሕዋስ እንደ ሁለት ክንድ ያለ መያዣ አለው፤ በርትቶ የሚቈመውም በሁለቱም ክንዱ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ሁለት ጫፎችን መያዝ ሲችል ነው። በኳሷ ላይ ጐረቤታሞቹ ጫፎች የተለያየ መልክ ስላላቸው፣ ቅጥሉን ብቻ የሚያውቅ ሕዋስ አንዱን ይዞ ሌላውን ያጣዋል፤ የሁሉ የጋራ የሆነውን አካል የሚያውቅ ሕዋስ ግን ሁለቱንም ይይዛል፤ እርሱም ተመርጦ ይባዛል። በ2014 ዓ. ም. በታተመው ጥናታቸው፣ በዚህ የተከተቡ እንስሳት በኳሷ ላይ ካልነበረው ከቀድሞው የሳርስ ቫይረስ እንኳ ተጠብቀው ተገኝተዋል። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ»ን የተማረ ሕፃን ያልተማራትን «ቦ»ን ዐወቃት ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ተሸሸገው ግንድ መሄድ ነው። ግንዱ የሚፈነጠርበት ሥራ ረቂቅ በመሆኑ ቫይረሱ እንደ ፈለገ ሊለውጠው አይችልም፤ በሳርስ፣ በመርስና በአዲሱ ቫይረስ መካከል ከጫፉ ይልቅ የሚመሳሰለው ይህ ክፍል ነው። ግንዱን የሚይዙ፣ ከአንድ የሚበልጡ የኮሮና ዐይነቶችንም የሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት ከሰው ደም ተገኝተዋል። ነገር ግን ቦታው የተከለለ ስለ ሆነ ቍጥራቸው ያነሰ፣ ኀይላቸውም ከጫፉ ዘበኞች የደከመ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ክትባቱን የሚሠሩት ሊቃውንት ጫፉን ቈርጠው ጥለው ወይም ሸፍነው፣ ሰውነት ግንዱን እንዲያይ ለማስገደድ ይሞክራሉ።

ሦስተኛው መንገድ ለውስጥ ዘበኛው የተዘጋጀ ነው። በ2012 ዓ. ም. የታተመ የሲንጋፖር ሊቃውንት ጥናት፣ በ1995 ዓ. ም. ሳርስ ታመው የዳኑ ሰዎች ከ17 ዓመት በኋላ ኤን የተባለውን ፕሮቲን የሚያውቁ ቲ ሴሎች በደማቸው እንዳሉ፣ እነዚሁም ቲ ሴሎች አዲሱን ቫይረስ እንደሚያውቁት አሳየ። በካሊፎርኒያ የላ ሆያ ተቋም ሊቃውንትም አዲሱ በሽታ ከመነሣቱ በፊት ተወስዶ የተቀመጠ ደም ቢመረምሩ፣ ከሰዎቹ ከመቶው ከ40 እስከ 60 በሚሆኑት አዲሱን ቫይረስ የሚያውቁ ቲ ሴሎች አገኙ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ዕውቀቱን ያገኙት በየክረምቱ ከሚይዘን ጉንፋን ነበር፤ ከጉንፋን አምጪዎቹ አራቱ የኮሮና ወገን ናቸውና። ስለዚህ ከእሾሁ ጋራ ኤንንና ሌሎቹን የማይለወጡ ፕሮቲኖች የሚጨምር ክትባት ዕድሜው ይረዝማል የሚል ተስፋ አለ። ይሁን እንጂ ቲ ሴል ሕመሙን ያቀላል እንጂ ቫይረሱን ከበር አይመልስም፤ ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ጋራ ተጣምሮ የሚሄድ ነው።

ለእነዚህ መንገዶች ማስፈጸሚያ፣ ወረርሽኝን አስቀድሞ ለመከላከል የቆመው ሴፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት በ2013 ዓ. ም. እስከ 200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መድቧል። ችኰላ ግን አይገባም። ሳርስ ታሞ ከዳነ ሰው ደም የተገኘ አንድ ፀረ እንግዳ አካል አዲሱንም ቫይረስ ስለሚይዝ፣ ሶትሮቪማብ የተባለ መድኃኒት ተሠርቶበት ትልቅ ደስታ ሆኖ ነበር፤ ከኦሚክሮን ዝርያዎች አንዱ ግን እርሱንም አደከመው። የማይለወጥ የመሰለ ምልክት ሁሉ የማይለወጥ እንዳልሆነ ይህ ያስተምረናል።

ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?

ከገላን ተነሥቶ በዱከምና በቢሾፍቱ ወደ አዳማ የሚወርደው መንገድ የጅቡቲን ጭነት የሚያመላልስ ነው። በዚያው መንገድ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚዘልቅ ሰው የግመል መንጋ ያያል። አገራችን ብዙ ግመል ካላቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ከቆላው የተወሰደ የግመል ደም በተመረመረ ጊዜ፣ ከጎልማሶቹ ግመሎች እጅግ የሚበዙት የመርስ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል፤ ይኸውም ቫይረሱ ከመንጋው ጋራ ቈይቶ የኖረ መሆኑን ያመለክታል። የአፍሪካው ዝርያ ከዐረብ አገሩ ልዩነት ቢኖረውም፣ ቫይረስ ፊደሉን የሚለዋውጥ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ ሁሉንም የኮሮና ወገን የሚያውቅ ክትባት ጕዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በቆላው ወንድማችን በረት ውስጥ ያለ ነገር ነው። በሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና የቢሾፍቱው ተቋም ከሰው ሐኪሞች ጋራ በአንድነት ሊሠሩ የሚገባቸውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአቅም ነገር ነው። ባለጸጎቹ አገሮች ቫይረሱ በተለወጠ ቍጥር ክትባቱን እያደሱ በየዓመቱ ለሕዝባቸው ሊሰጡ ሞክረዋል። እንደ እኛ ያለ ሕዝቡ ብዙ፣ ገጠሩ ሩቅ የሆነ አገር ግን በየዓመቱ አዲስ ክትባት ገዝቶ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ አጓጕዞ፣ ለሁሉ ማዳረስ ይከብደዋል። ለባለጸጋ አገር ረጅም ዕድሜ ያለው ክትባት ምቾት ሲሆን፣ ለእኛ ግን ዋና ፍላጎታችን ነው።

ሦስተኛው በደማችን ውስጥ ያለ ነው። ሕዋስ የቫይረሱን ቍራጭ ለቲ ሴል የሚያሳይበት ገበታ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ልዩነቱ እጅግ የበዛ ነው። ሊቃውንት የመረጧቸው የቲ ሴል ዒላማዎች አብዛኞቹ ግን የተጠኑት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ደም ነው። በእነርሱ ገበታ ላይ የሚቀርበው ቍራጭ በእኛ ገበታ ላይ ላይቀርብ ይችላል። ስለዚህ የእኛ ሰው ደም በጥናቱ ውስጥ ካልገባ፣ የሚመጣው ክትባት ለሌላው ልክ ተሰፍቶ ለእኛ የሚሰጥ ልብስ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከ1962 ዓ. ም. ጀምሮ የሥጋ ደዌንና የሳንባ ነቀርሳን ነገር ሲመረምር፣ ሰውነት ስለሚከላከልበት ኀይል ብዙ ዕውቀት አከማችቷል። በኮሮናም ዘመን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከጀርመን አገር ከሙኒክ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው የጤና ሠራተኞችን ደም መርምረው ነበር። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ሠራተኞች በ2012 ዓ. ም. መጨረሻ ከመቶው 10.9 የነበሩት፣ በ2013 ዓ. ም. አጋማሽ 53.7 ሆነው ተገኙ። ክትባቱ ገና ሳይገባ ከግማሽ የሚበልጡት በቫይረሱ ተይዘው ነበር ማለት ነው። የአገራችን ሕዝብ ሰውነት የተማረው ከበሽታውም ከክትባቱም መሆኑን የምናውቀው በእንዲህ ያለ ምርመራ ነው፤ ለእኛ የሚሆነውን ክትባት ለመምረጥም ይህ ዕውቀት ያስፈልጋል።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ. ም. የአስቸኳዩ ጊዜ ማብቃቱን ቢያስታውቅም፣ ቫይረሱ ከመካከላችን አልጠፋም። ስለዚህ ጥቂት ነገር አስታውሰን እንሰናበታለን።

አንደኛ፣ የሕፃናትን ክትባት በኮሮና ክትባት ልክ አትመዝኑት። ኩፍኝ ምልክቱን የማይለውጥ ጠላት ነው፤ ክትባቱም የታመነ ነው፤ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ እንደ ክርስትና ካርዳቸው ጠብቃችሁ ያዙ፤ ቀኑንም አታሳልፉ። ሁለተኛ፣ በዕድሜ የገፉ ወላጆችና የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቤታችሁ ካሉ፣ ስለ ኮሮና ክትባት የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ጠይቁላቸው። ሦስተኛ፣ በቆላ ዘመድ ያላችሁ ወይም በመንገድ የምትነግዱ፣ የግመል ወተት ሳይፈላ አትጠጡ፤ ግመል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አራተኛ፣ ለጥናት የደም ናሙና እንድትሰጡ ብትጠየቁ፣ ከመፍራት ይልቅ ጠይቁ፤ ለምን እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚመረምረው በሚገባ ይነገራችሁ፤ ከተረዳችሁም በኋላ ብትፈቅዱ ለልጆቻችሁ ክትባት አንድ ጡብ አቀበላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ጐረቤታችሁ በቡና ሰዓት ያችኑ ጥያቄ ቢያነሣ፣ እንዲህ ብላችሁ ልትመልሱለት ትችላላችሁ፦ የመጀመሪያው ክትባት ሰውነታችንን አንዲት ፊደል አስተማረው፤ በዚያችም ዕውቀት ብዙ ሰው ከሞት ዳነ፤ ጠላት ግን ቅጥሉን ለውጦ መጣ። አሁን ሊቃውንቱ የፊደሉን አካል የሚያስተምር ክትባት እየፈለጉ ነው፤ ሥራውም ገና አላለቀም። እኛም እስከዚያው የተማርነውን ሳንጥል፣ ያልተማርነውንም ሳንንቅ እንጠብቅ።